ከአውድማ የተረፈው ለግድግዳ
ገለባና ገለፈት ለቤት መሥሪያ ዕቃ መሙያ ስለ መሆናቸው

በአገራችን የቡና መፈልፈያ ባለበት ስፍራ ሁሉ ከመጋዘኑ በስተጀርባ አንድ ጉብታ አይታጣም። ጉብታው የአፈር አይደለም፤ የቡና ገለፈት ነው። በፎገራ ሜዳ፥ በወረታ ከተማ ዙሪያ ባሉት የሩዝ መፈልፈያዎችም ዘንድ እንዲሁ የሩዝ ገለፈት ይከመራል። የመፈልፈያው ባለቤት ይህን ክምር የሚቈጥረው እንደ ሀብት ሳይሆን እንደ ዕዳ ነው፤ ቦታ ይይዝበታል፥ በበጋ እሳት ያሰጋዋል፥ በክረምት ይበሰብስበታል፥ ለማስጠረግም ገንዘብ ያስወጣዋል። በሌላ በኩል ደግሞ በዚያው ከተማ ቤት ለመሥራት የተነሣ ሰው የሲሚንቶና የብሎኬት ዋጋ ከዐቅሙ በላይ ሆኖበት መሠረቱን ካወጣ በኋላ ግድግዳውን ለከርሞ ያሳድረዋል። እነዚህ ሁለት ሰዎች ጎረቤታሞች ናቸው። የአንደኛው ዕዳ ለሁለተኛው መፍትሔ ሊሆን ይችላልን? የሚችል ከሆነስ በምን ዐይነት አሠራር፥ በምን ያህል ወጪ፥ በየትኛው ስፍራ? ይህን ለነጋዴዎቻችንና ለባለ ፋብሪካዎቻችን ማስረዳት የዚህ ጽሑፍ ዐላማ ነው።

አዲስ ያልሆነ ብልኃት

የእርሻን ትራፊ ከቤት መሥሪያ ዕቃ ጋር መቀላቀል ትናንት የተገኘ ጥበብ አይደለም። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 5 እንደ ተጻፈው፥ ፈርዖን በእስራኤላውያን ላይ ያከበደው ቀንበር ለጡብ ሥራ ይሰጣቸው የነበረውን ጭድ ከልክሎ የጡቡ ቍጥር ግን እንዳይጐድል ማዘዙ ነበር። ከዚህ የምንረዳው ጭድ በጡብ ሥራ ውስጥ ምን ያህል አስፈላጊ እንደ ነበረ ነው።

በአገራችንም የጭቃ ቤት ያሠራ ሰው ሁሉ የጤፍን ጭድ ጥቅም ያውቃል። አፈሩ በውሃ ይቦካል፤ ጭዱ ይነሰነስበታል፤ በእግር ይረገጣል፤ አያሌ ቀንም እንዲብላላ ይተዋል። ከዚያ በኋላ እንደገና ተረግጦ በባሕር ዛፍ ቋሚና ማገር ላይ ይመረጋል። ጭቃ በሚደርቅበት ጊዜ ይኮማተራል፤ ሲኮማተርም ይሰነጠቃል። ጭድ ያልገባበት ምርግ በአንድ ስፍራ ሰፊ ስንጥቅ ያወጣል፤ ጭድ የገባበት ግን ጉልበቱ በብዙ ስፍራ ስለሚከፋፈል ስንጥቁ ከዐይን የማይታይ ሆኖ ይቀራል። አንዲት የጤፍ ጭድ ብቻዋን ምንም ኀይል የላትም፤ ነገር ግን ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፥ በሺህ የሚቈጠሩት ሲያያዙ ግድግዳ ይይዛሉ።

የጂፕሰም ጌጥ የሚሠሩ ባለሙያዎችም የሚሰበረውን ልስን በቃጫ እያያዙ ያጠነክሩታል። እንግዲህ ብልኃቱ በእጃችን የኖረ ነው። የቀረው ከቤት ሥራ ወደ ንግድ ሥራ ማሻገሩ ነው።

መሙያ ማለት ምን ማለት ነው?

ሰዎች አዘውትረው የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ስለሆነ ነገሩን አስቀድሞ መለየት ይገባል። ሲሚንቶ፥ ኖራ፥ ጂፕሰምና ሸክላ አጣባቂዎች ናቸው። ገለባና ገለፈት ግን በአጣባቂው መካከል ቦታ የሚይዙ መሙያዎች ናቸው። መሙያ የሚሰጠው ጥቅም ሦስት ነው። አንደኛ፥ ውድ የሆነውን ዕቃ ይቈጥባል። ሁለተኛ፥ ዕቃውን ያቀላል። ሦስተኛ፥ በውስጡ አየር ስለሚይዝ የቀኑን ሐሩርና የሌሊቱን ብርድ ይከለክላል። በምላሹ ግን የሚወስደው አለ፤ መሙያው በበዛ መጠን የዕቃው ጥንካሬ ይቀንሳል። ስለዚህ ገለፈት የበዛበት ብሎኬት ጣራ ወይም ፎቅ ለሚሸከም ግድግዳ አይሆንም፤ ተገቢ ስፍራው ክፍልን ከክፍል የሚለይ ግድግዳና ኮርኒስ ነው። ይህን ወሰን ያልጠበቀ ሰው ገንዘብ ቈጠብኩ ብሎ ቤቱን ያፈርሳል።

በውጭ አገር የተደረገው

በአውሮጳና በአሜሪካ ይህ ሥራ ወደ ፋብሪካ ከገባ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ1908 ሮበርት ሼረር የተባለ የኦስትሪያ ሰው የእንጨት ልጭታን በማግኔዚት አጣብቆ ሄራክሊት የተባለውን ቀላል ጠፍጣፋ ሠራ። ይህ ከእንጨት ቢሆንም፥ ለእርሻ ትራፊ መንገዱን የከፈተ ነው። ከዚያም በ1920ዎቹ በሰሜን አሜሪካ፥ በሉዊዚያና ክፍለ አገር፥ ሴሎቴክስ የተባለው ኩባንያ ከሸንኮራ አገዳ ምጣጭ ሙቀትና ድምፅ የሚከለክል ሰሌዳ አውጥቶ ለገበያ አቀረበ። በ1935 ደግሞ ቴዎዶር ዲደን የተባለ የስዊድን ሰው የስንዴን ጭድ በሙቀትና በኀይል ጨምቆ ሙጫ ሳይጨምርበት ሰሌዳ የሚያደርግበትን ዘዴ አገኘ። ሙቀቱ ወደ 200 ዲግሪ ሲደርስ ጭዱ ከተፈጥሮው ባለው አጣባቂ ይያያዛል፤ ከዚያም በሁለቱ ገጹ ወፍራም ወረቀት ይለጠፍበታል። ይኸው ዘዴ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ስትራሚት በሚል ስም በእንግሊዝ አገር ተስፋፋ።

በፈረንሳይ አገር ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የሄምፕን አገዳ ስብርባሪ ከኖራ ጋር ቀላቅሎ ግድግዳ መሙላት የታወቀ ሥራ ሆኗል። በኮሎምቢያ ደግሞ የቡና ገለፈት ከፕላስቲክ ጋር እየተቀላቀለ የቤት ግድግዳ ሰሌዳ ይሠራበታል።

ከእነዚህ ምሳሌዎች ነጋዴ ሊማረው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ሉዊዚያና ሥራውን የጀመረው አገዳው ለስኳር ሲባል አስቀድሞ ወደ መፍጫው ተጓጉዞ ስለ ነበረ ነው። ትራፊው በአንድ ስፍራ ተከምሮ ይገኛል፤ የመሰብሰቢያውን ወጪ ስኳሩ ከፍሎታል። በየማሳው የተበተነውን ትራፊ ለመልቀም የተነሣ ሰው ግን ለድካሙ የሚበቃ ዋጋ አያገኝም።

የእኛ ትራፊ የትኛው ነው?

በዚህ ሚዛን የአገራችንን ትራፊ ብንመዝን ሁሉም እኩል እንዳልሆነ እናያለን።

የጤፍ ጭድ ትራፊ ተብሎ ሊጠራ አይገባውም። የከብት መኖ ነው፤ በገበያም ዋጋ አለው። ለጭቃ ምርግ የሚገባው ጥቂቱ አይጐዳም፤ ፋብሪካ ተቋቍሞ በኩንታል እየሸመተ ቢፈጭበት ግን ዋጋው ንሮ የገበሬው በሬና የወተት ላም ይራባሉ። ሰው ቤት ሠርቶ ወተት ቢያጣ ምን ይጠቀማል? የማሽላና የበቆሎ አገዳም እንዲሁ በገበሬው ቤት መኖ፥ ማገዶና አጥር ነው።

የሸንኮራ አገዳ ምጣጭ፥ በፋብሪካ ቋንቋ ባጋስ የሚባለው፥ ከተፈጨው አገዳ ክብደት እርጥቡን ሆኖ 30 በመቶ ያህል ይሆናል። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ ከጀመረበት ከ1946 ዓ.ም. አንሥቶ በስኳር ፋብሪካዎቻችን ዘንድ ይህ ትራፊ የእንፋሎት ማሞቂያ ማገዶ ሆኖ ኖሯል። ስለዚህ ለቤት መሥሪያ ሊውል የሚችለው ከማገዶ የሚተርፈው ነው። ከማሞቂያው ሥር የሚወጣው አመድ ግን ማገዶ ሊሆን አይችልም፤ እርሱ በደንብ ከተቃጠለና ከተፈጨ ለሲሚንቶ ድብልቅ ይጠቅማል።

የቡና ገለፈት የተለየ ነው። አብዛኛው ቡናችን በፀሐይ ደርቆ የሚፈለፈል ስለሆነ፥ ከጀንፈል ቡና ክብደት ግማሽ ያህሉ ፍሬ ሲሆን ግማሽ ያህሉ ገለፈት ነው። ይህም ማለት መቶ ኩንታል ንጹሕ ቡና ወደ ገበያ በሄደ ቍጥር መቶ ኩንታል የሚጠጋ ገለፈት በመፈልፈያው ይቀራል ማለት ነው። ካፌይንና ታኒን ስላለበት ለከብት በብዛት ሊሰጥ አይችልም። አንዳንድ የሲሚንቶ ፋብሪካዎች በድንጋይ ከሰል ምትክ ለማገዶ ይወስዱታል፤ ከዚያ የተረፈው ይቃጠላል ወይም ይጣላል።

የሩዝ ገለፈት ደግሞ ከሩዙ ክብደት 20 በመቶ ያህል ነው። አሸዋ መሰል ሲሊካ ስለ በዛበት ከብት አይወደውም፥ ቶሎም አይበሰብስም። ለመኖነት የማይፈለግበት ይኸው ጠባዩ ለቤት መሥሪያ እንዲመረጥ ያደርገዋል። እንግዲህ በቂ ትራፊ ያለን በዋነኛነት ከቡናና ከሩዝ መፈልፈያዎች ነው ለማለት ይቻላል።

አራት የአሠራር መንገዶች

የመጀመሪያው መንገድ ገለፈቱን ከሸክላ ጡብ ጋር መቀላቀል ነው። ገለፈቱ ተፈጭቶ ከክብደቱ 5 በመቶ ያህል ወደ ሸክላው ይገባል። ጡቡ በምድጃ ሲተኰስ ገለፈቱ ከውስጥ ተቃጥሎ ያልቃል፤ በስፍራውም ጥቃቅን ቀዳዳ ይተዋል። ጡቡ ይቀላል፥ ሙቀትም ይከለክላል። ከዚህም በላይ ገለፈቱ ራሱ ስለሚነድ የምድጃው ማገዶ ይቀንሳል። መጠኑ ሲበዛ ግን ጡቡ ውሃ ጠጪና ተሰባሪ ይሆናል። ከአራቱ መንገዶች ይህኛው አነስተኛ ገንዘብ የሚጠይቅ ነው፤ ጡብ ሠሪው ያለውን ምድጃ አይለውጥም።

ሁለተኛው አመዱን መጠቀም ነው። የሩዝ ገለፈት ተቃጥሎ ከክብደቱ 20 በመቶ ያህል አመድ ይተዋል፤ የአመዱም አብዛኛው ክፍል ሲሊካ ነው። ይህ አመድ በደቃቁ ተፈጭቶ ከሲሚንቶ ወይም ከኖራ ጋር ሲቀላቀል ከኖራው ጋር ተዋሕዶ ራሱ አጣባቂ ይሆናል፤ ስለዚህ ከሲሚንቶው ከ10 እስከ 20 በመቶ ያህሉን ሊተካ ይችላል። ነገር ግን የእሳቱ መጠን ወሳኝ ነው። እሳቱ ካነሰ አመዱ ጥቁር ሆኖ ከሰል ይቀርበታል። ከ700 ዲግሪ እጅግ ካለፈ ደግሞ ሲሊካው ወደ ብልጭልጭ ድንጋይነት ተለውጦ ከኖራ ጋር መዋሐዱን ይተዋል፤ ብናኙም የሠራተኞችን ሳንባ ይጐዳል። በሜዳ ላይ ክምር አቃጥሎ አመዱን መዛቅ ብቻውን አይበቃም።

ሦስተኛው ገለፈቱን እንዳለ ከሲሚንቶና ከአሸዋ ጋር ቀላቅሎ ብሎኬት መሥራት ነው። አራተኛው ደግሞ ከሙጫ ጋር በሙቅ መጭመቂያ ሰሌዳ ማድረግ ሲሆን፥ ይህ ብዙ ገንዘብ፥ የማያቋርጥ ኤሌክትሪክና ከውጭ የሚመጣ ሙጫ ይፈልጋል። ለጀማሪ ነጋዴ የሚመከረው ከፊተኞቹ ነው።

ስኳር የሲሚንቶ ጠላት ስለ መሆኑ

ሦስተኛውን መንገድ የሞከሩ ብዙዎች ሳይሳካላቸው የቀረው በአንድ ምክንያት ነው። በእርሻ ትራፊ ውስጥ ስኳርና ታኒን አለ። እነዚህ በውሃ ሟሙተው ከሲሚንቶው ጋር ሲገናኙ ሲሚንቶው እንዳይጠነክር ያደርጉታል። ለዚህ ጥቂት ስኳር ይበቃል። ብሎኬቱ በማግስቱ ከቅርጹ ሲወጣ ይፈረካከሳል፤ ሠሪውም ሲሚንቶው ተበላሽቶ የተሸጠልኝ ነው ብሎ ነጋዴውን ይከሳል። ከሩዝ ገለፈት ይልቅ የቡና ገለፈትና የአገዳ ምጣጭ በዚህ በኩል ያስቸግራሉ።

መድኃኒቱ አስቸጋሪ አይደለም። ገለፈቱ አንድ ቀን ሙሉ በውሃ ተዘፍዝፎ ውሃው ይደፋል፤ ቢቻል በሙቅ ውሃ ይደገማል፤ ከዚያም በኖራ ውሃ ታሽቶ ይደርቃል። የተደፋው ውሃ ወደ ወንዝ መልቀቅ የለበትም፤ የቡና ማጠቢያ ውሃ ወንዞቻችንን ምን ያህል እንደ ጐዳ የቡና አገር ሰው ያውቀዋል። ወደ ተቈፈረ ጉድጓድ ይግባ።

ገለፈቱ በደንብ ታጥቦ እንደ ሆነ ለማወቅ ላቦራቶሪ የማይጠይቅ ፈተና አለ። ከታጠበው ገለፈት አንድ እፍኝ በጥቂት ውሃ ውስጥ ያሳድሩ። በማግስቱ በዚያ ውሃ አንድ ጭብጥ ሲሚንቶ ያቡኩ፤ በንጹሕ ውሃም ሌላ ጭብጥ ያቡኩ። አንድ ቀን ቈይተው ሁለቱንም በጥፍር ይጫኑ። ሁለቱ እኩል ጠንክረው ቢገኙ ገለፈቱ ለሥራ ደርሷል፤ የገለፈቱ ውሃ የገባበት ለስላሳ ቢሆን ግን ገና እጥበት ይፈልጋል። ይህን የመሰለ ትንሽ ጥንቃቄ የብዙ ኩንታል ሲሚንቶ ኪሳራ ያድናል።

የጭነት ሒሳብ

ነጋዴ ከሁሉ በፊት ሊያሰላው የሚገባ የማጓጓዣ ነገር ነው። ገለፈት ቀላል ነው፤ አንድ ሜትር ኩብ ያልታመቀ የሩዝ ገለፈት ክብደቱ መቶ ኪሎ ያህል ነው። 200 ኩንታል የሚሸከም፥ ሣጥኑ 40 ሜትር ኩብ የሆነ የጭነት መኪና በገለፈት ቢሞላ የሚጭነው 40 ኩንታል ብቻ ነው። ባለ መኪናው ግን ኪራዩን የሚቀበለው ለሙሉ መኪና ነው። ስለዚህ ገለፈት ሩቅ አገር ሊሄድ አይችልም። ወይ ብሎኬቱ በመፈልፈያው አጠገብ ይሠራል፥ ወይ ገለፈቱ በስፍራው ተቃጥሎ አመዱ ይጓዛል። አመድ ቢሆን 200 ኩንታል ለማግኘት 1,000 ኩንታል ገለፈት፥ ይህም ከ5,000 ኩንታል ሩዝ የሚወጣው መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል። ፈጪውን ወፍጮ ከመግዛት በፊት በአካባቢው ይህን ያህል ሩዝ የሚፈለፈል መሆኑ ይጠየቅ።

ሁለተኛው የሒሳብ ነጥብ የውሃው ነገር ነው። ገለፈት በክብደት ሲገዛ ዝናብ የመታው ክምር ከባድ ስለሚሆን ገዢው ውሃ ይገዛል። ከዚህም ሌላ እርጥብ ክምር ከውስጥ ይግላል፥ ይሻግታል። በውሉ ላይ የድርቀቱ ልክ፥ ከአፈርና ከድንጋይ መጥራቱም ጭምር መጻፍ አለበት።

ተወዳዳሪው ፑሚስ

አንድ እውነት መደበቅ አይገባም። በስምጥ ሸለቆ፥ ከሞጆና ከአዳማ አካባቢ፥ ፑሚስ የተባለው ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በብዛት ይገኛል። ብሎኬት ሠሪዎቻችን በእርሱ ይጠቀማሉ፤ የሲሚንቶ ፋብሪካዎችም ፈጭተው ከሲሚንቶ ጋር ይቀላቅሉታል። ፑሚስ አይበሰብስም፥ ምስጥ አይበላውም፥ ስኳር የለበትም፥ መታጠብም አያሻውም። ስለዚህ በአዲስ አበባና በአዳማ አካባቢ የገለፈት ብሎኬት ከፑሚስ ብሎኬት ጋር ተወዳድሮ ያሸንፋል ብሎ ለማንም ተስፋ መስጠት ቅንነት አይሆንም።

ከፑሚስ ጉድጓድ በራቀው ስፍራ ግን ሒሳቡ ይለወጣል። ጅማን በመሰለ የምዕራብ የቡና አገር ፑሚሱ ከስምጥ ሸለቆ እስኪደርስ ኪራዩ ከዋጋው ይበልጣል፤ ገለፈቱ ደግሞ ከበር ላይ ተከምሯል። በ2014 ዓ.ም. ሲሚንቶ ከገበያ ጠፍቶ ሥራ የቆመበትን ጊዜ ሁላችንም እናስታውሳለን። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ በሰሜን ሸዋ የለሚ ናሽናል ሲሚንቶ ፋብሪካ በቀን 150,000 ኩንታል እንዲያመርት ተገንብቶ ተመርቋል፤ ይህም ታላቅ እፎይታ ነው። ቢሆንም ሲሚንቶ ከፋብሪካው በራቀ ቍጥር በመንገዱ ዋጋ መወደዱ አይቀርም። መሙያና አመድ ዋጋ የሚኖራቸው በዚህ በራቀው ስፍራ ነው።

ለነጋዴዎቻችን

ሥራውን ለመጀመር የሚያስብ ሰው በትንሹ ይጀምር ዘንድ እንመክራለን። አስቀድሞ ሃያ ያህል ብሎኬት በልዩ ልዩ መጠን ይሥራ፤ በእያንዳንዱ ላይ መጠኑንና ቀኑን ይጻፍ። ግማሹን በጥላ፥ ግማሹን በዝናብና በፀሐይ አንድ ክረምት ያሳልፍ። ስንጥቅ፥ ሻጋታና ምስጥ ገብቶበት እንደ ሆነ ይመርምር። የተክል ጭረት በሲሚንቶ ውስጥ ካለው ኖራማ ጠባይ የተነሣ በዓመታት ብዛት የሚደክም ስለሆነ፥ አንድ ክረምት መቈየቱ ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም፤ ደኅና የወጣውን ወደ ግንባታ ዕቃ መመርመሪያ ወስዶ ጥንካሬው በቍጥር እንዲጻፍለት ያድርግ። በምስጥ አገር የሚሠራ ከሆነም ገለፈቱን በቦራክስ ውሃ ማለፍ ይጠቅማል።

ወደ ገበያ ሲወጣ ደግሞ የገለፈት ብሎኬት መሆኑን ሳይደብቅ፥ ለማከፋፈያ ግድግዳ ብቻ የሚውል መሆኑን አስታውቆ ይሽጥ። ይህን የምንለው ለገዢው ብቻ አዝነን አይደለም። አንድ ስግብግብ ሰው ገለፈት አብዝቶ፥ ሲሚንቶ አሳንሶ፥ እንደ ማንኛውም ብሎኬት ቢሸጥና አንድ ግድግዳ በሰው ላይ ቢወድቅ፥ ከዚያ በኋላ በዚያ ከተማ ማንም ሰው የገለፈት ብሎኬት አይገዛም። የዚያ ሰው ጥፋት የታማኙንም ነጋዴ እንጀራ ይዘጋል።

የመፈልፈያ ባለቤቶችንም የምናሳስባቸው ነገር አለ። ገለፈታቸው ሊሸጥ መሆኑን የሰሙ ዕለት ዋጋውን አይስቀሉት። ዛሬ ለማስጠረጊያ የሚከፍሉበትን ክምር አንድ ሰው በነጻ ቢያነሣላቸው እንኳ ተጠቃሚዎች ናቸው። ብሎኬት ሠሪው ሥራው ጸንቶ ትርፍ ሲያገኝ ተገቢውን ዋጋ መጠየቅ ይቻላል፤ ገና ሲጀምር ያነቁት እንደ ሆነ ግን ክምሩም እዚያው ይቀራል፥ ግድግዳውም ለከርሞ ያድራል።

ከመጋዘን ጀርባ ያለው ጉብታ በአንድ ጊዜ ወርቅ አይሆንም። ነገር ግን በሚገባው ስፍራ፥ በሚገባው መጠን፥ በታማኝ እጅ ከተሠራበት፥ ለመፈልፈያው ባለቤት ንጹሕ ግቢ፥ ለብሎኬት ሠሪው ሥራ፥ ቤት ለሚሠራውም ሰው በዐቅሙ የሚገኝ ግድግዳ ሊሆን ይችላል።